ድመቴ የምትሸሻቸው ሴት

ዛሬ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ከልቤ አለቀስኩ።

ጠዋት ሰናይት ደወለችልኝ። ሰናይት የድሮ ጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ልጅ ናት። «ጋሽ ተካ፣ እማዬ አረፈች። ትናንት ቀበርናት። ስንደውልልዎ ብንውል ስልክዎ ዝግ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ የግድግዳውን ማብሪያ ሳልጫነው ውዬ አድሬያለሁ። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሞኝነት ይህ ይበቃው ነበር። ለእኔ ግን ገና መጀመሪያዬ ነው።

«ለቡ መብራት ኃይል ወርደው ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ድንኳን ያያሉ» አለችኝ። ተነሳሁ፣ ለበስኩ። የማይበት መነጽሬ ወፍራም ነው፤ አንዱ ጆሮውም በፕላስተር የታሰረ ነው። ለለቅሶ አይመጥንም ብዬ ጠረጴዛ ላይ ትቼው፣ የፀሐይ የሆነውን ጥቁር መነጽር አደረግሁ። በመስታወት ራሴን ሳየው አማረብኝ። ለነገሩ ደህና አድርጎ አልታየኝም፤ ለዚህም ይሆናል ያማረብኝ።

ታክሲው አወረደኝ፣ ታጠፍኩ፣ ድንኳን አየሁ። «ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ ገባሁ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ከፊት ጥቁር የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል። የእትዬ አስካለ ታናሽ እህት ይሆናሉ ብዬ አቅፌያቸው አለቀስኩ፤ እሳቸውም አቅፈውኝ አለቀሱ። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ንፍሮ መጣልኝ፣ ዘገንኩ።

ሴትየዋ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «የት ነበር የምትተዋወቁት?» አሉኝ።

«መካኒሳ አቦ፣ ጎረቤት ነበርን። ደህና አድርገን የተዋወቅነው ግን በድመቴ ዓይን ነው።»

«በድመት ዓይን?»

«አዎ እመቤቴ። ድመቴ ዓይኗን ታማ፣ ሐኪሟ ሊወጣ ይችላል ስትለኝ፣ አይወጣም ብለው ከቤቴ አልጠፋ ያሉት እሳቸው ናቸው። በፎጣ ጠቅልለው፣ እግሯን አፍነው ይዘው…»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ?» አሉ። «እሱ እኮ ድመት ያለችበት ቤት ከገባ ሲያስነጥሰው ነው የሚውለው።»

ያኔ ጥቁሩን መነጽር አውልቄ፣ ጠረጴዛው ላይ ሻማ የበራለትን ፎቶ ጠጋ ብዬ አየሁት። ትልቅ ሪዝ ያለው ሰውዬ ነው። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ በሽታ ሰውን እንዲህ ይለውጣል እንዴ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ገባኝ። ወደ ሴትየዋ ጆሮ ጎንበስ ብዬ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድንኳን ተሳስቼ ነው። እኔ የመጣሁት ለአንዲት ሴት ለቅሶ ነው» አልኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ከኋላ ያሉት ሴቶች «በቃ፣ በቃ፣ አይዞሽ» እያሉ ደገፏቸው። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ አየሁ፤ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው እስኪበርድላቸው ቆዩና ከነጠላው ስር፣ «እሱ ይህን ቢሰማ እንዴት በሳቀ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ድመቷስ? ዓይኗ ዳነ?» አሉኝ።

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አዲስ ለቀስተኞች እየጮሁ ገቡ። ሁለት ጎረምሶች በትሕትና ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ትክክለኛው ድንኳን ከዚያ በሚቀጥለው መንገድ ላይ ነበር። እዚያ ስደርስ እንባዬ አልቋል። ሰናይትን አቅፌ ደረቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። እትዬ አስካለ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ «ያለ ፌርማታህ ወረድክ!» ነው የሚሉኝ።

እትዬ አስካለ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። አጠር፣ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው። ደረቅ መሬት ላይ ሲቆሙ እንኳ እግራቸውን ከፈት ያደርጋሉ፣ መሬቱ ድንገት ፍሬን እንደሚይዝ ሁሉ። ከሰው ሲያወሩ ግራ እጃቸው ከፍ ብሎ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፤ የበር መቃን፣ የአጥር ብረት፣ ከጠፋም የአንተን ትከሻ። ቀኝ እጃቸው ውስጥ ደግሞ ምንጊዜም አንድ ሳንቲም አለች። ድሮ የአውቶቡሱን ብረት በሷ እየመቱ ነበር ሾፌሩን «ሂድ» እና «ቁም» የሚሉት። ጡረታ ከወጡ በኋላ አውቶቡሱ ቀረ፣ ሳንቲሟ አልቀረችም። የሰው በር የሚያንኳኩት በሷ ነው። በሬ ቆርቆሮ ስለሆነ እትዬ አስካለ ሲመጡ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

ሰውን ሁሉ እንደ ተሳፋሪ ነበር የሚያዩት። ሠርግ ቤት ገብተው «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ መሃሉ ክፍት ነው!» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሲጨናነቅ ያው ነው። አንድ ጊዜ የእድራችን ሊቀመንበር ንግግሩ አላልቅ ብሎት ሰዉ ሲያዛጋ፣ ከኋላ በሳንቲማቸው የወንበሩን ብረት ሁለቴ መቱና «ሰውዬ፣ ፌርማታው አልፎሃል!» አሉት። ሊቀመንበሩ ሳይጨርስ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ንግግሩ አጭር ሆነ፤ እትዬ አስካለ የቀሩበት ቀን ካልሆነ።

ከእኔ ጋር ግን ጠበኞች ነበርን። በትክክል ለመናገር፣ ጠባቸው ከድመቴ ጋር ነው፤ እኔ በዋስትና ነው የገባሁበት።

ድመቴን እሜቴ ነው የምላት። አመዳም ናት፣ ደረቷ ነጭ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ውስጥ የምታኮርፈኝ ፍጡር እሷ ብቻ ናት። አኩራፊ የሌለበት ቤት ምን ያህል ጭር እንደሚል የሚያውቅ ያውቀዋል። እሜቴ ታዲያ አንድ ዓመል አለባት። የእትዬ አስካለና የእኔ ግቢ የሚዋሰኑበት ግንብ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች፤ እትዬ አስካለ በረንዳቸው ላይ ቋንጣ ሲሰቅሉ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ እሷ ወደ ታች ናት።

«ይቺ ድመትህ አንድ ቀን እጄ ትገባለች! ያን ቀን ጠበቃ ብታቆም አልሰማህም!» ይሉኛል በግንቡ ላይ።

«እትዬ አስካለ፣ ሽታው እኮ ነው የጠራት።»

«እኔንም የሰው ወጥ ሽታ ይጠራኛል። ግንብ ስዘል አይተኸኝ ታውቃለህ?»

እሜቴ ድርሻዬን ነው መሰል፣ ከሰረቀችው ላይ አንዳንዴ በልታ የተረፋትን አምጥታ ምንጣፌ ላይ ትጥልልኛለች። ከድመት አፍ የተረፈ ቋንጣ በልቼ አውቃለሁ ብዬ አልጽፍም። አልበላሁም ብዬም አልምልም። ቋንጣቸው ጥሩ ነበር።

ክረምቱ ገና እንደወጣ አንድ ጠዋት እሜቴ አንድ ዓይኗን ጨፍና መጣች። መጀመሪያ የጠቀሰችኝ መስሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የጠቀሰኝን ሁሉ በደስታ ነው የምቀበለው። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ግራ ዓይኗ ያነባል። ዙሪያው ቀልቷል፣ ከአፍንጫዋ በኩል ደግሞ ነጭ ስስ ቆዳ እንደ መጋረጃ ተስቦ ግማሹን ሸፍኖታል። ብርሃን ሸሽታ ከሳጥኑ ኋላ ገባች። ወተት ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። ጉንጬን አስጠግቼ አወራኋት፣ አላኮረፈችኝም እንኳ። ያኔ ፈራሁ።

ወሬው ሰፈር ሲዳረስ ሐኪሙ በዛ። አንዱ በሻይ እጠበው አለኝ። አንዱ ተወው ድመት ራሷን ልሳ ትድናለች አለኝ፤ ዓይኗን እንዴት አድርጋ እንደምትልስ ግን አልነገረኝም። አንዲት ሴት ደግሞ የሚያጠባ እናት ወተት ጠብ አድርግበት አለችኝ። በዚህ ሽበቴ የማን በር ሄጄ ነው ይህን የምጠይቀው?

በማግስቱ ዓይኗ ቢጫ ዓይናር አውጥቶ ተጣበቀ። እኔ ደግሞ ቀደም ብዬ የዓይን ሞራ ስገፈፍ የታዘዘልኝ ጠብታ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ዓይን ዓይን ነው ብዬ አወጣሁት። እሜቴን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ክዳኑን በጥርሴ ስፈታ፣ በሩ በሳንቲም ተንኳኳ። ሳልመልስ እትዬ አስካለ ገቡ። የመጡት ስለ ቋንጣ ሊጮሁብኝ ነው።

«ምን ልታደርጋት ነው?»

«ጠብታ ላደርግላት።»

«የማንን?»

«የእኔን። ዓይኔን የታከምኩ ጊዜ የታዘዘልኝ ነው።»

እጄን ሲመቱኝ ጠርሙሷ ተስፈንጥራ አልጋው ስር ገባች። «በሰው ትኬት መሳፈር የለም!» አሉ።

«እትዬ አስካለ፣ ይህ እኮ መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት አላውቅም። ትኬት አውቃለሁ። ያንተ ያንተ ነው፣ የሷ የሷ ነው። ይልቅ እስቲ ላያት።»

ጎንበስ ብለው አዩአት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ብዙ ቆዩ። ሊጮሁብኝ የመጡበትን የቋንጣ ነገር አላነሱም። ሄደው ከገመዳቸው ላይ ገና ውሃው ያልጠፋለት ሰማያዊ ፎጣ ይዘው ተመለሱ። እሜቴን እንደ ሕፃን ጠቀለሏት፣ ዘንቢል ውስጥ ከተቷትና «ተነስ!» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ሐኪም ቤት ነዋ! ከብት ብቻ ነው እንዴ የሚታመመው?»

ታክሲው ውስጥ ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ረዳቱ፣ «ማዘር፣ ምንድነው የያዙት?» አለ። ዘንቢሉ ራሱ መለሰለት።

«ድመት አንጭንም! ይውረዱልን በናትዎ!»

«ልጄ፣» አሉት እትዬ አስካለ ሳይነቃነቁ፣ «አንተ በእናትህ ጀርባ ላይ ሆነህ በነጻ ስትሳፈር ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ያኔ ከዚህች ድመት የባሰ ነበር የምትጮኸው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱም ሳቁን ዋጥ አድርጎ በሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ ሥራውን ሠሩለት፤ «ጠጋ በሉ! አንተ ጃኬት፣ ሦስተኛ ሆነህ ተቀመጥ! ወራጅ አለ!» ሲሉ፣ እኔ እንደማያውቃቸው ሰው በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። የእሜቴን ዓይን በሙቅ ውሃ በራሰ ጥጥ ቀስ ብላ ጠረገች። ከዚያ ቁስል የሚያሳይ አንድ ቀለም ጠብ አድርጋበት መብራቱን አጠፋችና በሰማያዊ ባትሪ አበራችበት። የዓይኗ መስታወት ላይ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ።

«የትራፊክ መብራት መሰለች» አሉ እትዬ አስካለ። ቀልዱ ግን ከአፋቸው እንጂ ከልባቸው አልነበረም። ወዲያው ዞር ብለው፣ «በርበሬ ነው?» አሏት ዶክተሯን።

«ምን አሉኝ?»

«በርበሬ ነው ወይ ያቃጠላት? ቋንጣ ላይ የታሸ። እውነቱን ንገሪኝ።»

ለካስ መንገዱን ሙሉ ሲጮሁ የነበሩት ይህንን ላለማሰብ ነው። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም እማማ። ይህ የጥፍር ጭረት ነው። ከሌላ ድመት ጋር ተጣልታ ነው፤ ከዚያ መግል ያዘ።»

እትዬ አስካለ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። ያን ያህል ትንፋሽ እንዴት አምቀው እንደያዙት አላውቅም።

ዶክተሯ እቤት ያደረግሁላት ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም አላደረግሁም፤ ላደርግ ስል ነው የተያዝኩት አልኳትና የጠብታዬን ስም ነገርኳት። ቅንድቧ ተነሳ። «እንኳን አላደረጉላት። እሱ እብጠት የሚያስታግስ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ላይ ከተደረገ ቁስሉን ይበላዋል፤ ዓይኗ ሊበሳ ይችል ነበር» አለች። እትዬ አስካለ ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው የያዙ ይመስል ጣራ ጣራ ያያሉ ብቻ።

ቀጥላ ዶክተሯ ፍርዱን ተናገረች። ቁስሉ ጥልቅ ነው። ያዘዘችላት ጠብታ ጠዋት፣ ቀን፣ ከሰዓትና ማታ ሳይዛነፍ መደረግ አለበት። ካልሆነ ዓይኑን ማውጣት ይመጣል። «እጅዎ ይንቀጠቀጣል አባባ። እቤት የሚያግዝዎ ሰው አለ?» አለችኝ።

ወለሉን አየሁ።

«እኔ አለሁ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ዘመዳቸው ነዎት?»

«የለም። የድመቷ ጠላት ነኝ።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። ዶክተሯ እሜቴ ዓይኗን እንዳትቧጥጠው ብላ አንገቷ ዙሪያ እንደ ሳህን የተዘረጋ ላስቲክ አሰረችላት። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ቀን እንዳዩአት «ዲሽ ሆነች እኮ! ስንት ቻናል ትይዛለች?» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ሥራ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሳንቲሟ የቆርቆሮ በሬን ሁለቴ ትመታለች። እሜቴ ያንን ድምፅ በሁለተኛው ቀን አወቀችው፤ ዲሽዋን እያንኳኳች አልጋ ስር ትገባለች። እትዬ አስካለ በሆዳቸው ተኝተው ይጎትቷታል። በሰማያዊው ፎጣ ይጠቀልሏታል፤ ራሷ ብቻ ሲቀር «ያዝኩ! ቀጥል!» ይሉኛል።

የእኔ ሥራ ማንጠባጠብ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጠብታው ጆሮዋ ላይ፣ አፍንጫዋ ላይ፣ አንዴም በትክክል የእትዬ አስካለ ዓይን ውስጥ አረፈ። «የእኔስ ደህና ነው፤ ለሷ አድርግላት!» አሉኝ ዓይናቸውን እያሹ። ኋላ ግን ዘዴውን አስተካከሉልኝ። ክንዴን በክርናቸው ደግፈው ከጭናቸው ጋር አጣበቁት፤ እንደዚያ ሲይዙኝ እጄ መንቀጥቀጡን ይተዋል። እሜቴ ግን መታገሏን አትተውም። ከፎጣው ያመለጠች እግር ሁሉ የእሳቸውን ክንድ ነው የምታገኘው። ክንዳቸው የሕፃን ደብተር መሰለ። ለቀቅ አያደርጓትም። ጠብታው እስኪገባ ድረስ ጆሮዋ ስር ይሳደባሉ። «አንቺ ሌባ! አንቺ ቋንጣ በል! ክፈቺው ብዬሻለሁ። ክፈቺው የኔ እመቤት…» የመጨረሻዋን የሰማኋት አይመስላቸውም ነበር።

አንድ ቀን ጠብታውን ጨርሰን እሜቴ አልጋ ስር ገብታ ስታኮርፍ፣ እኛ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥን። የሆዴን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ አስካለ፣ በርበሬው አይደለም ተባሉ እኮ። ለምን ይለፋሉ?»

«ስትሰርቀኝ ዓይኔን እያየች ትስረቀኝ። ዓይነ ስውር ሌባ ምን ያደርግልኛል? ላዝንላት ነው እኮ። ከዚያ መጮህ ሊቀርብኝ ነው።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሳንቲሟን በጣታቸው መሃል ያዟዙሯታል።

«አየህ ተካ» አሉኝ፣ «ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ሲወርድ ነው ያየሁት። ሲሳፈር እጄን ያያል፣ ትኬቱን ያያል። ሲወርድ መንገዱን ያያል። ፊቴን ያየ ስንት ሰው ይኖራል? ጡረታ ወጥቼ አንድ ቀን በዚያው መስመር ተሳፈርኩ። ስንት ዓመት ያመላለስኳቸው ሰዎች ናቸው፤ አንድ የለየኝ የለም። ይህች ቀበጥ ግን ጠዋት በሬን ስከፍት ግንቡ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። እያንዳንዷን እንቅስቃሴዬን ታያለች። ለመስረቅ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ታየኛለች።»

ለነገሩ እኔም ስንት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ያየሁት ቋንጣቸውን ነው።

ጠብታው ሲያልቅ ወደ ሐኪም ቤት መለስናት፤ ዶክተሯ ያንን ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊው ባትሪ ስታበራበት አረንጓዴው አልበራም። «ቁስሉ ድኗል። ዓይኗን አናወጣም» አለች። መሃሉ ላይ ግን እንደ ደመና ያለች ነጭ ጠባሳ ቀርታለች። ታይበት እንደሆነ ቀስ እያለ ይታወቃል አለችን። ዲሽዋን ፈታችላት። እኔ ደስ አለኝ። እትዬ አስካለ ግን በታክሲ ስንመለስ አንድም ሰው ጠጋ በል አላሉም።

«ቀስ እያለ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ ከበሬ ሲደርሱ። «እኔ አሁን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ፈተናውን ራሳቸው አወጡት። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ እሜቴን ጭኔ ላይ አደረግኋት፤ ደህናውን ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩት። እትዬ አስካለ ጫማቸውን አውልቀው ከግቢው ጥግ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆሙ። ነፋሱ ከእኛ ወደ እሳቸው ነው፤ ሽታም የለ። ሳንቲሟ በእጃቸው አለች፣ ግን አልመቱባትም። ድምፅ የለም።

ቀስ ብለው ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ያንን የአውቶቡስ ብረት የሚጨብጡበትን።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። እሜቴ ጭኔ ላይ እንደተጋደመች ናት። የእትዬ አስካለ ፊት መጥቆር ሲጀምር አየሁት። ክንዳቸው እንደተሰቀለ ቀረ።

ድንገት የእሜቴ ጀርባ ከእጄ ስር ደነደነ። ደመና ያለበት ዓይኗ ወደ በርሜሉ ዞረ፣ ተከፈተ። ጭኔን በአራት እግሯ ቦጫጭራ ተስፈነጠረችና ቤት ገብታ አልጋ ስር ተሸጎጠች።

«አየችኝ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ተካ! አየችኝ! ሸሸችኝ እኮ!»

በባዶ እግራቸው ግቢው መሃል ቆመው እልል አሉ። ድመት ስለሸሸችው እልል ያለ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። ሰፈሩ ምን ተገኘ ብሎ በአጥር አንገቱን አወጣ። እሳቸው በሰማያዊው ፎጣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ እኔ የደማ ጭኔን ይዤ እስቃለሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እሜቴ ግንቡ ላይ ወጥታ አታውቅም። እትዬ አስካለ ቋንጣ ሰቀሉ፤ አልመጣችም። ዝቅ አድርገው ሰቀሉት፤ አልመጣችም። አንድ ጠዋት ግንቡ ላይ የተቀመጠ ቋንጣ አየሁ፣ በርበሬ ያልነካው። ቁራ ወሰደው። የሳንቲሟ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እንኳ አልጋ ስር ናት። ለዓይኗ ብለው የያዟት እጆች ለሷ የያዟት እጆች ብቻ ናቸው።

«ምን ሆና ነው የማትሰርቀኝ?» ይሉኝ ነበር በግንቡ ላይ፣ የሚያስቅ አስመስለው።

«ፈርታዎት ነው።»

«ይሁን። አይታ ነው የምትፈራኝ።»

በኋላ ጉልበታቸው ደከመና ሰናይት ወደ ለቡ ወሰደቻቸው። በስልክ እንገናኝ ነበር። እንዴት አደርክ አይሉኝም። መጀመሪያ የሚሉት «ታያለች?» ነው።

«ታያለች።»

«ምን ታያለች?»

«ወፍ ታያለች። እኔን በንቀት ታየኛለች።»

«እኔ ብመጣስ?»

«ትሸሻለች፣ እትዬ አስካለ።»

«ጎሽ!» ይላሉ። ከዚያ ሌላ ተሳፋሪ እንደሚጠብቃቸው ሁሉ ስልኩን ቶሎ ይዘጉታል።

ዛሬ ከለቅሶው ስመለስ በሬን ስከፍት ቁልፉ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታው። እሜቴ ከወንበሬ ላይ ተወርውራ አልጋ ስር ገባች። ውጭ ማንም እንደሌለ ልነግራት ጎንበስ አልኩ፤ ተውኩት። እዚያ ጨለማ ውስጥ አንዱ ዓይኗ ቦግ ብሎ፣ አንዱ ደመና ለብሶ፣ ሁለቱም በሩን ያያሉ። ያኔ ነው እዚያ ድንኳን ውስጥ ያለቀብኝ እንባ የመጣው።

ነገ ሰልስት ነው። ወፍራሙን መነጽሬን አድርጌ እሄዳለሁ፤ ፕላስተሩም ይታይ። ሰናይት ዘንድ ከመድረሴ በፊት ግን በተሳሳትኩት ድንኳን አልፋለሁ። የዚያን ባለ ሪዝ ሰውዬ ንፍሮ በልቻለሁ፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ አልቅሼለታለሁ፤ ድመት ሲያስነጥሰው ምን ይመስል እንደነበር ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ደግሞም ለባለቤቱ መልስ አለብኝ። ጠጋ ብለው ቦታ ከሰጡኝ ተቀምጬ እነግራቸዋለሁ፦ አዎ እመቤቴ፣ ዓይኗ ዳነ። አየቻቸውና ሸሸች።